መርካቶን በምግብ ለመዞር፦ ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት

ሰሞኑን እንኳ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። አንዷ ከዋሽንግተን ዘመድ ሊመጣባት ነው። አንዱ አዲስ አበባ ተወልዶ አድጎ መርካቶን የሚያውቃት ለልብስና ለዕቃ ብቻ ነው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ «መርካቶ የት ነው የሚበላው? የቤት ስም ንገረኝ።»

የቤት ስም አልናገርም። መርካቶ ውስጥ ዛሬ ያለው ቤት ነገ ሕንፃ ሊሠራበት ይፈርሳል። እጇ የሚጣፍጠው ወጥ ሠሪም ሌላ ቤት ልትገባ ትችላለች። የማይለወጠው ሰዓቱ ነው። ጫኝና አውራጁ ጎህ ሲቀድ የሚበላው፣ ነጋዴው ረፋድ ላይ የሚጠጣው፣ ከክፍለ ሀገር ዕቃ ሊጭን የመጣው ሰው ምሳ ላይ የሚፈልገው ይለያያል። ሰዓቱን ከያዛችሁ ስም ሳታውቁ ትኩስ ምግብ ፊት ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በሰዓት የተደረደረ ነው። እኔ ዘመድ ሲመጣብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- ዝርዝር ብር። ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ይብዛ። ሳምቡሳ ገዝታችሁ ባለ 200 ብትዘረጉ ሻጯ መልስ ፍለጋ ዘይቱን ትታ ትሄዳለች፣ የሚጠበሰውም ያርራል።
- ቻርጁ የሞላ ስልክ፣ ቴሌብር ቢኖረው ይመረጣል። ብዙ ቤቶች ይቀበላሉ። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ግን እንቢ ይላል፤ ስለዚህ ጥሬ ብሩን አትተዉት።
- ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛ። ለምን እንደሆነ በደረጃ 2 ላይ ታያላችሁ።
- ሶፍት፣ ትንሽ ሳሙና፣ የታሸገ ውኃ።
- ጣት የሚሸፍን፣ የማያንሸራትት ጫማ። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ቀላል አይደለም። በበጋም ቢሆን የጋሪ ጎማ እግር ላይ ሊወጣ ይችላል።
- ፊት ለፊት የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ። ጀርባ ላይ የሚታዘል አይሆንም።
- ቅመም የምትገዙበት የጨርቅ ከረጢትና ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ።
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ከነእስክሪብቶው።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ብዙ ሰው «ክትፎ አምሮኛል» ብሎ ይነሳል፣ ቀኑ ረቡዕ መሆኑን የሚያስታውሰው ከደረሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ካሌንደሩን ተመልከቱ።

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። በክርስቲያን ቤቶች የፍስክ ምግብ ይቀንሳል፣ ክትፎ ቤቱም ቀዝቀዝ ይላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ፍልሰታ ደግሞ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ብዙው ዝግ ነው። በተቃራኒው በያይነቱ የሚያምረው በጾም ቀን ነው። ፈላጊው ስለሚበዛ ድስቱ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ይተካል። የወጡም ዓይነት ይበዛል፤ በሌላ ቀን የማታገኙት የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆና አዚፋ ያን ቀን ትሪው ላይ ይወጣል።

ዓርብ 6 ሰዓት አካባቢ የጁምዓ ሰላት አለ። በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለው መንገድ በሰጋጅ ይሞላል፣ ብዙ ሱቅም ለጊዜው ይዘጋል። በዚያ ሰዓት እዚያ መሀል መቆም እናንተንም ያስጨንቃል፣ ሰጋጁንም ያውካል። እኔ አንድ ዓርብ እንግዳ ይዤ በዚያው ሰዓት ደርሼ አንድ ጥግ ላይ ቆመን ሰላቱ እስኪያበቃ ጠበቅን። ምሳችንም አለፈ።

እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ነጋዴውና ጫኙ ከሌሉ እነሱን የሚያበላው ቤትም አይከፍትም። ቅዳሜ ይከፈታል፣ ግን ግፊያው ለጀማሪ አይመችም።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። በያይነቱን ፈልጋችሁ ከሆነ ረቡዕ። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ዕቅዱን ገልብጡት፦ የሙስሊሙ ቤት ቀን ላይ ዝግ ስለሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። በአንዋር ዙሪያ ለማፍጠሪያ የሚሸጠውን ትኩስ ሳምቡሳና ተምር ገዝታችሁ፣ አዛኑን ጠብቃችሁ ብሉ። መንገድ ላይ ከአዛን በፊት አትቅመሱ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ጾሞ ነው የሚጠብቀው።

ደረጃ 2፦ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ሂዱ

ብቻውን የሚሄድ ሰው ሁለተኛው ቤት ላይ ይጠግባል። መርካቶ የሚቀርበው ምግብ ሸክም ለሚያነሳ ሰው የተለካ ነው፣ በቀላሉ አያልቅም። ሕጉ ቀላል ነው፦ በአንድ ቤት አንድ ምግብ ለሦስት ሰው። ሁለት ቅመሱ፣ ተነሱ፣ ቀጥሉ።

አስተናጋጇን ገና ስትቀመጡ «እኛ ዛሬ የምንቀምሰው ብዙ ስለሆነ አንድ ብቻ አምጪልን፣ ሦስት ሆነን እንበላለን» በሏት። ይህን ካላላችሁ ሦስት ትሪ ይመጣል። ወይ ደግሞ ሦስት ሰው አንድ አዝዞ ጠረጴዛ ያዘ ተብሎ ፊት ይጠቁርባችኋል። ምግቡ እንደመጣ ሒሳቡን ክፈሉ። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ደግሞ በልታችሁ ስትጨርሱ ወዲያው ተነሱ፤ የዚያ ወንበር ዋጋ ለቤቱ ትልቅ ነው።

ሌላው የቡድን ጥቅም ጥንቃቄ ነው። አንዱ ሲበላ ሌላው ቦርሳ ያያል።

ደረጃ 3፦ የማን ቤት እንደሆነ ሳትቀመጡ እወቁ

ሰው በኀፍረት የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ክርስቲያን የሙስሊም፣ ብዙ ሙስሊም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ቤቶቹ ራሳቸው ምልክት ያደርጋሉ። «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ፣ ጨረቃና ኮከብ፣ ወይም «ሐላል» ካያችሁ ታውቃላችሁ። መስቀል ወይም የቅዱሳን ሥዕል ካያችሁም ታውቃላችሁ። ምንም ምልክት ከሌለ በሩ ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም፣ ጥያቄው በየቀኑ የሚጠየቅ ነው።

አብረዋችሁ የሚሄዱትን ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ጠይቁ። የእንግዳውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም። አንዳንዱ ሥጋውን ብቻ ነው የሚተወው፤ አንዳንዱ ግን ሥጋ በተሠራበት ድስት የተሠራ ሽሮም አይበላም። ትሪ ከቀረበ በኋላ እጁን የሰበሰበ እንግዳ ፊት መቀመጥ ለሁላችሁም ከባድ ነው።

ቡድኑ ድብልቅ ከሆነ ቀኑን ሥጋ በሌለበት ሙሉት። ፉል፣ ፈጢራ በማር፣ ቡና፣ ጁስ፣ በያይነቱ፣ የምስር ሳምቡሳ። ጠግባችሁ ትመለሳላችሁ፣ ማንም ሳይለይ። ጾመኛ ካለ ደግሞ ፉሉ ቅቤና እንቁላል እንዳይገባበት፣ ፈጢራው እንቁላል የሌለው እንዲሆን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 4፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቁርስ

መነሻችሁን በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ አካባቢ አድርጉት። ሁለቱ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ ከሩቅም ይታያሉ። ብትጠፋፉ ሁሉም ሰው ጠይቆ የሚመለስበት ቦታ ነው። ታክሲ ስትይዙም አያስቸግርም።

በዚህ ሰዓት የሚበላው ፉል ነው። ደረቅ ባቄላ ለረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ ይቀቀላል። ጠዋት ሲቀርብ ይፈጭና ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዘይት ይደረግበታል፤ እንደ ፍላጎታችሁ እንቁላልም ይጨመራል። በትኩስ ዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። ለምን በጠዋት? ባቄላው የሚበስለው ሌሊት ነውና ጎህ ሲቀድ ትኩስና ለስላሳ ነው። ወደ 4 ሰዓት ስትሄዱ የድስቱ ወለል ይደርሳችኋል፤ የደረቀና ጨው የበዛበት።

ጥሩውን ፉል ቤት ከውጭ ሆናችሁ መለየት ትችላላችሁ። ዳቦው በፌስታል ታስሮ ጥግ የተቀመጠ ሳይሆን እየተመላለሰ የሚመጣ መሆን አለበት። የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ይበዛበታል። ተበልቶ ይወጣበታል፣ ማንም ተቀምጦ አያወራም። ይህን ካያችሁ ግቡ።

አንድ ፉልና አንድ ፈጢራ እዘዙ። ፈጢራ ስስ ሊጥ ተዘርግቶ፣ ታጥፎ፣ በትልቅ መጥበሻ ላይ የሚጠበስ ነው። በእንቁላልም በማርም ይሆናል። ሠሪው ሊጡን ሲወረውርና ሲዘረጋ ማየት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከመጥበሻው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቀይ ሻይ ከጎኑ ይሁን።

ጠዋት ዱለት የሚሠሩ ቤቶችም አሉ። ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ ደቆ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል። የምትወዱት ከሆነ በጠዋት ብሉት፤ የሆድ ዕቃ ሥጋ ውሎ የሚቆይ ነገር አይደለም። «የበሰለ» ብላችሁ እዘዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከውጭ የመጣ እንግዳ ካለ ፉሉ ላይ የሚነሰነሰውን ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ «ተዉልን» በሉ። ብዙ ጊዜ ሆድ የሚያስቸግረው የተቀቀለው ባቄላ አይደለም፣ በምን ውኃ እንደታጠበ የማናውቀው ጥሬው ነው።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውን አስተካክላችሁ ጠይቁ

«እዚህ አካባቢ ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህን የሰማ ሰው እናንተን አይቶ፣ ልብሳችሁን አይቶ፣ ወደ ትልቁ ሆቴል ይመራችኋል። በቅንነት ነው፣ የሚመጥናችሁን የመረጠላችሁ መስሎት።

እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ ምሳ የሚበሉት የት ነው?» ሰውየው የሚበላበትን ነው የሚነግራችሁ። ቀጥሎ «እዚያ ቤት ምኑን ነው የሚያዙት?» በሉ። ሁለተኛዋ ጥያቄ ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች። አንድ ቤት የሚታወቅበት ምግብ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የቀረው ለሰው ፊት ግድግዳው ላይ የተጻፈ ነው። በሽሮ የሚታወቅ ቤት ገብታችሁ ጥብስ ብታዝዙ ጥፋቱ የቤቱ አይደለም።

ማንን ነው የምትጠይቁት? ሱቁ ፊት ለፊት ተቀምጦ ደንበኛ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ቡና የምታፈላ እናት። ሸክም ላይ ያለን ሰው አታስቁሙ። እየተከተለ «ላሳያችሁ» የሚል ደላላንም አመስግናችሁ እለፉት፤ የወሰዳችሁበት ቤት ዋጋው ላይ የሱን ድርሻ ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ ቡናና ቅመም

ፉል ከባድ ነው። ሆድ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ሰዓት በእግርና በቡና አሳልፉት።

የጀበና ቡና በየበረንዳው አለ። ፍም ያለበት፣ ጀበናው የሚጤስበት ቦታ ፈልጉ። ፍሙ ከጠፋ ቡናው ተፈልቶ የቆየ ነው። ጤና አዳም ካለ አስጨምሩ። ወንበሯ ትንሽ ናት፣ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጡት፤ እዚህ ላይ ነው የደረጃ 5 ጥያቄ የሚሠራው። ቡናውን ስትጠጡ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ምሳ የት እንደሚበላ ጠይቁት። እኔ እስካሁን በመርካቶ የበላሁትን ጥሩ ምሳ ሁሉ ያገኘሁት ቡና ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ቅመም መሸጫው ሂዱ። ምሳ የምትበሉት ምግብ ከምን እንደተሠራ በአፍንጫ የምታውቁት እዚህ ነው። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥምዝ፣ ቅርንፉድ፣ እርድ፣ አብሽ በጆንያ ተደርድሯል። እየጠየቃችሁ አሽትቱ። ምሳ ላይ ክትፎው ቅቤ ውስጥ ኮረሪማው ሲመጣ ታውቁታላችሁ።

ለመግዛት ከፈለጋችሁ ያልተፈጨውን ግዙ። የተፈጨ ነገር ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይታወቅም። ኮረሪማ ከነፍሬ ቅርፊቱ ይሁን፣ አንዷን ፈልቅቃችሁ አሽትቱ። በርበሬ ዛላውን ያዙ፣ ሲጨበጥ መንኮሻኮሽ አለበት። የሚለሰልስ ከሆነ እርጥበት ይዟል፤ በአንድ በኩል የውኃ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ በሌላ በኩል ቤት ገብቶ ይሻግታል። ቅቤና ማር ግን ሻጩን ካላወቃችሁ በመጀመሪያ ቀን አትግዙ። ሁለቱም ባዕድ ነገር የሚቀላቀልባቸው ናቸው፣ ለመለየትም ልምድ ይጠይቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ አስም ያለበት ሰው በርበሬ ከሚራገፍበትና ከሚፈጭበት ቦታ ይራቅ። ብናኙ አየር ላይ ነው። ሌላው እስኪገዛ ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ማናችሁም ብትሆኑ በርበሬ በነካችሁበት እጅ ዓይናችሁን አትንኩ።

ደረጃ 7፦ 5 ሰዓት ተኩል፣ ምሳ

6 ሰዓት ሳይሞላ ተቀመጡ። ከ6 በኋላ ወንበር አይገኝም፣ ወጥ ሠሪዋም ጥያቄ የምትመልስበት ጊዜ የላትም።

መርካቶ የጉራጌና የስልጤ ነጋዴ አገር ነውና ክትፎ እዚህ የቤት ምግብ ነው። አስተዛዘዙን ላብራራ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ዋጋውን ጠይቁ፣ ተራውና ስፔሻሉ ልዩነቱ ምን እንደሆነም። አብዛኛውን ጊዜ ስፔሻል ሲባል አይቡ፣ ጎመኑና ቆጮው አብሮ ይመጣል። ለየብቻ የሚያስከፍል ቤትም አለ፤ ሒሳብ ሲመጣ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ብስለቱን ተናገሩ። ሦስት ነው፦ ጥሬ፣ ለብለብ፣ የበሰለ። ዝም ካላችሁ በቤቱ ልማድ ይመጣል፣ የቤቱ ልማድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሬ ወይም ለብለብ ነው። ለብለብ ማለት ቅቤው ሞቅ ብሎ ሥጋውን ነካው ማለት ነው፤ በሰለ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቅቤና ሚጥሚጣውን። «ሚጥሚጣውን ለብቻ» በሉ፣ ከጎን ይመጣል፣ እየጨመራችሁ ትበላላችሁ። አንዴ ከታሸ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ሲመጣ ቶሎ ብሉት። ቅቤው ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አፍ ላይም ይለጠፋል። በጣባ የሚቀርበው ሙቀቱን እንዲይዝ ነው። ቆጮውን ቁረሱ፣ ክትፎውን ጠቅልሉበት፣ አይቡን ጨምሩበት። አይቡ የሚጥሚጣውን እሳት ያበርዳል፣ ቆጮው ደግሞ ጎምዘዝ ስለሚል የቅቤውን ክብደት ይቆርጠዋል። እያንዳንዱ ብቻውን ሲበላ ጎዶሎ ነው፤ ቆጮ «ጣዕም የለውም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ብቻውን ቀምሰውት ነው። ጎመን በአይብ፣ ጉራጌዎቹ ዝማሙጃት የሚሉት፣ ካለ አስመጡ። ሥጋ የማይበላ ሰው ፍስክ ከሆነ ይህን በቆጮ በልቶ ይጠግባል።

ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ደግማችሁ አንብቡት፦ ጥሬ የከብት ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል። ሥጋው ትኩስ መሆኑ ወይም ሚጥሚጣው መብዛቱ አይከላከልም። ምልክቱም በማግስቱ አይመጣም፤ ትሉ አንጀት ውስጥ እስኪያድግ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ስለዚህ «በልቼ ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አቅመ ደካማና የሚታመም ሰው የበሰለውን ብቻ ይብላ። ጥሬ ለመብላት የወሰናችሁ ደግሞ ቢያንስ የተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራ ማኅተም መኖሩን እዩ።

ቀኑ ጾም ከሆነ ትሪው በያይነቱ ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ፎሶልያው፣ መሀሉ ላይ ሽሮ። እንጀራው ጠርዝ ላይ የደረቀ መሆን የለበትም፤ ከደረቀ የተቆረጠው ጠዋት ነው። ጭማሪ እንጀራ በነፃ ይሁን በክፍያ ጠይቁ፣ ቤት ከቤት ይለያል። ሽሮውን ለብቻ በድስት እየፈላ የሚያቀርቡ ከሆነ ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል።

እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ታጠቡ። ቤቱ ሳሙና ከሌለው ይዛችሁ የመጣችሁት አለ።

ደረጃ 8፦ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ የመንገድ ላይ

ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሂዱ። ከዚያ ጁስ። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ ስፕሪስ ይሆናል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ፊታችሁ የሚፈጭበት ቤት ምረጡ። በረዶ አታስጨምሩ፣ ከምን ውኃ እንደተሠራ አይታወቅም። ብርጭቆው በአንድ ባልዲ ውኃ ብቻ እየተነከረ የሚወጣ ከሆነ እለፉ።

ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ እርጥብ በየጥጉ አለ። እርጥብ ዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ገብቶበት የሚሸጥ ነው፣ ተማሪና ሠራተኛ ሁሉ የሚወደው። ለሁሉም አንድ መለኪያ አለ፦ ዘይቱን እዩ። ጠቁሮ አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ተመላልሶበታል። መጥበሻው ላይ ያለውን ጠብቃችሁ ውሰዱ፣ ሳህን ላይ ቀዝቅዞ የተከመረውን አይደለም። ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ደረጃ 9፦ 11 ሰዓት ሳይሆን ውጡ

11 ሰዓት ላይ ብዙው ሱቅ መዘጋት ይጀምራል፣ ሰው ሁሉ በአንዴ ይወጣል፣ የታክሲው ሰልፍ ይረዝማል። ቀድማችሁ ውጡ። ስልካችሁን ታክሲ ውስጥ አታውጡ። «ሿሿ» የሚባለው ማጭበርበሪያ የሚሠራው ሰው ሲደክምና ሲቸኩል ነው፦ ገና እንደገባችሁ ቦታ ቀይሩ፣ ተጠጉ፣ በሩ አልዘጋ አለ እያሉ የሚያዋክቧችሁ ሰዎች ካሉ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውረዱ። የመጫኛው ቦታ ላይ ተሰልፋችሁ መሳፈር መንገድ ላይ ከሚለቅመው ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ቀኑን በክትፎ መጀመር። አንድ ጊዜ ዘመዴን በ4 ሰዓት ክትፎ ቤት አስገባሁት፣ ከዚያ በኋላ ያየውን ሁሉ «ሆዴ ሞልቷል» እያለ አለፈው። ከባዱን ወደ ምሳ ግፉት።

በመኪና መግባት። ማቆሚያ ስትፈልጉ የፉሉ ሰዓት ያልፋል።

ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሳት። ምግቡን አንሱ፣ የሰው ፊት ከሆነ ግን አስፈቅዱ። በተለይ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ።

በአንድ ቀን ሁሉን ለመቅመስ መሞከር። አራት ቦታ በቂ ነው።

አሠራሩን ሌላ ሰፈር ለመውሰድ ከፈለጋችሁ ቦሌ ሚካኤልን እመክራለሁ። እዚያ የሶማሌ ምግብ ነው የሚፈለገው። ሩዝ በፍየል ሥጋ ከነሙዙ ይቀርባል፤ ሙዙን ለመጨረሻ አታስቀምጡት፣ ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው። የግመል ወተትም ይገኛል፣ የተፈላውን ጠይቁ። ሰዓቱ ብቻ ይለያል፦ እዚያ ትልቁ ምግብ ምሳ ነው፣ ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ ድረሱና ሻዩን ለማታ አቆዩት።

ማታ ሆድ ቢያስቸግር ኦአርኤስ ከመድኃኒት ቤት ግዙ፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ንጹሕ ውኃ በጥብጡና ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ትኩሳት ከመጣ ወይም ደም ከታየ ሐኪም ቤት ነው።

ደረጃ 10፦ ሳትተኙ ጻፉት

መርካቶ ውስጥ የቤት ቁጥር ይዞ የሚፈልግ የለም። በምልክት ጻፉ፦ «ከራጉኤል ስንወርድ፣ ጆንያ ሰፊዎቹን አልፈን፣ ሰማያዊ በር፣ ፎቅ።» ምን እንደበላችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ስንት እንደከፈላችሁ ጨምሩ። ሰዓቱን አትርሱት፤ ያው ቤት ጠዋትና ከሰዓት ሁለት የተለያየ ቤት ነው።

የወደዳችሁት ቤት ካለ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ወጥ ሠሪዋን ጠርታችሁ «እጅሽ ይባረክ» በሏት፣ ስሟንና ከፈቀደች ስልኳን ያዙ። ቤቱ ቢፈርስ ወይም እሷ ብትዛወር፣ ደውላችሁ «አሁን የት ነሽ?» ትላላችሁ።